እንደገና ከአንድ

የባሮ ወንዝ ጎድሎ ዳርቻው ሲጋለጥ የሚነሣው የጭቃ ሽታ፣ ግማሹ ዓሣ ግማሹ የበሰበሰ ሣር የሆነው ያ ሽታ፣ ዛሬም በባጃጅ ድልድዩን ስሻገር ድንገት ይመጣብኝና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያደርገኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያናድደኛል።

እናቴ የሞተችው በክረምት ነው። ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ የሰው ትኩሳት ስትለካ ከርማ እሷን ራሷን ትኩሳት በሳምንት ውስጥ ወሰዳት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ለቅሶ ደራሹ ሲገባና ሲወጣ አንድ ዘለላ እንባ ያልወጣኝ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ማልቀስ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ፤ ክፍል ውስጥ፣ የውሃ ወረፋ ላይ፣ ፀጉሬን ስሠራ፣ ያለ ምንም ምክንያት አለቅስ ነበር።

አባቴ ከጎሬ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ መልሱ ልክ ካልሆነ ለአሠራሩ ግማሽ ነጥብ እንኳ የማይሰጥ ሰው። በጥቅምት መጀመሪያ የበራችን ጀርባ ላይ በጠመኔ «1» ብሎ ጻፈና፣ ሳላለቅስ በዋልኩ ቁጥር አንድ እንደሚጨምርበት፣ ሳላለቅስ ሠላሳ ቀን በተከታታይ ከሞላልኝ ድኛለሁ ማለት እንደሆነ፣ እስከ ጥምቀት ካልሞላልኝ ግን ጎሬ አክስቴ ዘንድ እንደሚልከኝ ነገረኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደጋ ይሻላታል ብሎ ነው። እኔ ግን እናቴ የተቀበረችበትን ከተማ ለቅቄ፣ እሱንም ብቻውን ትቼ መሄድ ከሞት አልተለየብኝም። ስድስት ላይ እደርስና አለቅስ ነበር፤ እሱም ቁጥሩን በመዳፉ ያጠፋና እንደገና ከአንድ ይጀምር ነበር። አሥራ አንድ ላይ ደርሼ የእናቴን ነጠላ ጫማ አልጋ ሥር አገኘሁና ወደ አንድ ተመለስኩ። የሚያስለቅሰኝ ሐዘኑ ይሁን ቁጥሩ እስኪምታታብኝ ድረስ እልህ ያዘኝ።

ወንዙ መጉደል ሲጀምር ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ባሮ እወርድ ነበር። ጎረቤታችን ማማ አጁሉ እዚያ፣ እንደ ሌሎቹ አኙዋኮች፣ ውሃው የለቀቀላቸውን ያህል እየተከተሉ በቆሎ ይተክሉ ነበር፤ እሳቸው በሹል እንጨት ጉድጓድ ያበጃሉ፣ እኔ ፍሬውን እጥላለሁ፣ እሳቸው በእግራቸው ይደፍናሉ፣ ውሃው ትንሽ ሲወርድ ደግሞ ከሥር ሌላ መስመር እንጨምራለን። የላይኛው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ የታችኛው ገና አልበቀለም ነበር። በኅዳር ደጋ ላይ ያለጊዜው ዘንቦ ወንዙ ሞልቶ ተመለሰና ሁለቱን የታች መስመሮች ጠራርጎ ወሰዳቸው። አለቀስኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ደርሼ ነበር። ድካማችን ሁሉ ከንቱ ቀረ፣ በቃ ከመጀመሪያው ልንተክል ነው ስላቸው ማማ አጁሉ ግራ ተጋብተው አዩኝ።

«ውሃ የወሰደው ታች ያለውን ነው» አሉኝ። «ላይ ያለውን እኔ ለምን ልንቀል?»

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። በቆሎ ሌላ ቁጥር ሌላ አለኝና አጠፋው። እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ከገና በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሃያ ስድስት ደረስኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ በሩ ጀርባ ቆሞ ቁጥሩን ሲያጠፋ አገኘሁት። ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አላለቀስኩም!»

«አውቃለሁ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እኔ ነኝ ያለቀስኩት።»

ለካስ ሲቆጥር የከረመው ለሁለታችንም ነበር። ጠመኔውን እንደያዘ ብዙ ቆመ፤ አንድን ግን አልጻፈም። ጥምቀት መጥቶ አለፈ፣ የጎሬን ነገር ያነሣ የለም፤ አባቴም ተሳስቼ ነበር አላለኝም።

ዛሬ እኔም ነርስ ነኝ። ለታማሚ ሁሉ ቀስ በቀስ ነው እላለሁ፤ ራሴ ግን ወራት ደህና ሰንብቼ አንድ ቀን ካለቀስኩ፣ አሁንም አልዳንሽም ብዬ ራሴን እሰድባለሁ። ይህን ያወረሰኝን አባቴንም ይቅር ያልኩት በአንድ ቀን አይደለም፤ ገና ያልጨረስኩትም አለ። ጡረታ ወጥቶ ጎሬ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ሲደውልልኝ ማክሰኞን ሳለቅስ መዋሌን ነገርኩት። ያን ጊዜ ቢሆን ዝም ብሎ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። አሁን ግን «ረቡዕስ?» አለኝ። ረቡዕ ሥራ ገብቼ ደህና እንደዋልኩ ነገርኩት። ይህችን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ሃያ ዓመት መፍጀቱ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ሲያበሳጨኝ አመሸ።