ሽሮ የሚያስጥድ ማርሚታ

በአዲስ ከተማ ውስጥ እንደኔ የሞተር ድምፅ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬ ላይ ጋቢ ጠምጥሜ፣ አብነት አደባባይ ላይ የተነሳን ሞተር ስሪቱን፣ ዕድሜውን፣ ቢፈለግ የባለቤቱን የትዳር ሁኔታ እነግራችኋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ሳሙኤል በሬን ያንኳኳው በዚሁ ዝናዬ ምክንያት ነው። ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ጎልማሳ ነው። በቅርቡ ያን መቀመጫው ዝቅ፣ መሪው ሰፋ ያለ፣ እግር ተዘርግቶ የሚነዳ ትልቅ ሞተር ገዝቷል።

«ጋሼ፣ ማርሚታ ልቀይር ነው። ሶማሌ ተራ አብረን እንሂድና በጆሮዎ ይምረጡልኝ» አለኝ።

ማርሚታ እንግዲህ ያ ጭሱ የሚወጣበት፣ ድምፁንም የሚገራው የብረት ቱቦ ነው። «ለዚህማ ከኔ ወዲያ!» አልኩት። ከሦስት ቀን በፊት ያው የሱ ሞተር በራችን ላይ ሲነሳ፣ የቆሻሻ መኪና መጣ ብዬ ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ተሸክሜ መውጣቴን አላነሳሁበትም።

እንዲህ ያለ ሞተር ዱሮ እኛም ቤት ነበር፤ የአባቴ። አባቴ መካኒክ ነበር። አንድ ፈረንጅ ሞተሩን እሱ ዘንድ ሲያሠራ ሲያሠራ ኖሮ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ በርካሽ ለቀቀለት። ማርሚታው ከመጀመሪያውም የተበሳ ነበር። አባቴ በየዓመቱ ይበይደዋል፣ በየዓመቱ በሌላ በኩል ይበሳል። መጨረሻ ላይ ከብረቱ ይልቅ ብየዳው ሳይበዛ አልቀረም።

እኩለ ቀን ላይ ያ ሞተር አብነት ሲታጠፍ፣ እማዬ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሽሮውን ትጥዳለች። አባቴ ጭቃውን ዞሮ፣ ከተሸካሚዎች ጋር ተሰዳድቦ፣ በራችን ላይ ሞተሩን ሲያጠፋ ሽሮው ይንተከተካል። ድምፁ አንድ ቀንም አላሳሳታትም። ሰፈሩ በሙሉ ሰዓቱን በሽሯችን ያስተካክል ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም።

አባቴ የሞተው እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ በነሐሴ ዝናብ፣ በሦስት ቀን ሕመም። አላለቀስኩም። ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው መንጋጋ ታውቃላችሁ? ሲነኩት የሌላ ሰው የሚመስለውን? እኔ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ እንደዚያ ነበርኩ። ለቀስተኛው እያቀፈኝ ያለቅሳል፣ እኔ በትከሻው ላይ የድንኳኑን ምሰሶ እቆጥራለሁ። አሥራ አራት ነበሩ። ንፍሮው ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ከአርባው በኋላ ሞተሩን እኔ መንዳት ጀመርኩ። ዱባይ ተራ ጫማ ሱቅ ተቀጥሬ ስለነበር ለምሳ በሱ እመጣለሁ። ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ የተጠበሰ በቆሎ እሸት ይሸታል፤ የክረምቱ ጭቃ አቧራ መሆን ጀምሯል። በመጀመሪያው ቀን ቤት ስገባ ሽሮው ተጥዶ ይንተከተካል። እማዬ በጥቁር ልብሷ ቀና ብላ አየችኝና ማማሰሏን ቀጠለች። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ ልበል። ያ ድምፅ አብነት ሲታጠፍ እማዬን አባቴ መጣ እያለ ያስነሳትና፣ በሩ ሲከፈት እኔን ያቀርብላታል። በየቀኑ! ይህን ነገር ማቆም አለብኝ ብዬ ወሰንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ማርሚታ እንደ ቋንጣ ገመድ ላይ አንጠልጥለው ይሸጡ ነበር። ሰው ሁሉ አሮጌውን አሳይቶ «ይህን የሚመስል» ነው የሚላቸው።

«ይህን የማይመስል ይስጡኝ» አልኳቸው እኔ።

«የማይመስል?»

«ድምፁ በምንም የማይመስል።»

ትንሽ አዩኝ። «አብሽር የኔ ጌታ፣ የማይመስልማ ሞልቷል» አሉና እየፈቱ መግጠም ጀመሩ።

ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ተሸካሚዎች ሸክማቸውን እያወረዱ ከበቡን። የመጀመሪያው ቀጭን ነበር። «ይቺ እንኳ የተቆጣች ንብ ናት» አለ አንዱ። ሁለተኛው አስነጠሰ፤ ባንድ አፍ «ይማርህ!» አሉት። ሦስተኛው ሲነሳ ከጎረቤት ሱቅ መደርደሪያ ጣሳ ወደቀ፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ዶሮዎች እንቁላል መጣል ያቆሙ ይመስለኛል።

«አንተ፣ በዚህ ሚስት ልትፈልግ ነው ልታባርር?» አለኝ ያው ተሸካሚ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አፌን ከፍቼ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ምንም አልተነቃነቀም።

አራተኛው ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያንጎራጉር ሰው ይመስል ነበር።

«ይሄኛው ይሁን።»

ጋሽ ሰይድ የአሮጌውን ብየዳ በጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄን የበየደው ሰው ለፍቶበታል። ምን ላድርገው?»

«እንደፈለጉ ያድርጉት» አልኩና ከፍዬ ወጣሁ።

ለምሳ ስመጣ አብነት ላይ ሆን ብዬ ነዳጅ ሰጠሁት። ቤት ስገባ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ እማዬ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ተሳካ! አልኩ በልቤ።

«ውይ፣ መጣህ እንዴ? ምነው ድምፅህን ሳልሰማ?» አለች ደንግጣ።

«ማርሚታውን ቀየርኩት።»

«ለምን?»

«አባዬ እየመሰለሽ… በየቀኑ ሽሮ ስትጥጂ…»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «አባትህ መስሎኝ? እኔ እኮ ነኝ ቆሜ ያስቀበርኩት! ጃጀሁ እንዴ? የምጥደው ላንተ ነው፤ ትኩስ ካልሆነ አትበላም።» ምስሩን ገፋ አደረገችው። «ድምፁን ግን እወደው ነበር። ሂድና አሮጌውን አምጣ።»

ምሳዬን ሳልበላ ተመለስኩ። መርካቶ ውስጥ ግን ብረት ሥራ ፈትቶ አይውልም። «አሮጌ ብረት የሚቀጠቅጡት የምናለሽ ተራ ሰዎች ወሰዱት» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። ከመዶሻው ጩኸት መሀል ስዞር ስዞር አገኘሁት። ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶ፣ የከሰል ምድጃ ሆኗል። ያወቅሁት በጎኑ ባለው ብየዳ ነው። ምድጃውን ገዝቼ ይዤ ገባሁ። እማዬ አገላብጣ አየችው፣ ከሰል ጨመረችበትና ሽሮ ጣደች። ያን ቀንም አላለቀስኩም። በላሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሳሙኤል አምስት ማርሚታ አስገጥሞ አምስቱም አላረኩትም። እኔ በየተራ ራሴን እየነቀነቅሁ «እህ» እላለሁ።

«ጋሼ፣ የአባትዎ ሞተር ድምፁ እንዴት ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

በየሠርጉና በየበዓሉ የምጠየቀው ይህንኑ ነው፤ በዚህ ስንት ብርሌ ጠጅ ተጋብዤበታለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና በአፌ አስነሳሁት። መንገደኛው ዞር አለ። ሳሙኤል ፊቱ በራ። «ይሄንን ነው የምፈልገው!» ሻጩ ፈልጎ አመጣ፣ ገጠመ፣ አስነሳ፤ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያንጎራጉር ሰው።

«የአባትዎን ድምፅ ይዤ ልሄድ ነው እኮ ጋሼ» ብሎ እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ሰው ሲደነዝዝ ጆሮው ሳይቀር ይደነዝዛል መሰለኝ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት በአፌ የማስነሳው ያኔ እኔ የመረጥኩትን፣ አራተኛውን ማርሚታ ነው። የአባቴን ሞተር ድምፅ አላስታውሰውም።