ዳይሱ ያልተጣለለት ሰው

ከዲላ የወጣሁት ጎሕ ሳይቀድ፣ እህል በጫነ የሀጂ ሲራጅ ኤንትሬ መኪና ላይ ነው። የሀጂ ሱቅ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ጸሎት ቤታችንን ካድሬዎች ካሸጉት ወዲህ ቤት ለቤት ስንዘምር፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን የሚጠብቁልን እሳቸው ነበሩ። ታናሽ እህቴ አልማዝ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አቀበለችኝ፤ አብራኝ አልወጣችም።

"እኔ ከሄድኩ ለጋሼ ስንቅ ማን ያደርስለታል?" አለች።

ጋሼ ተስፋዬ ታላቅ ወንድማችን ነው። ደጋው ቡሌ ላይ ሲያስተምር፣ እየዘመረ ሳለ ወስደው አሰሩት። በእስር ቤቱ በር ሳህን ይገባል፣ ሳህን ይወጣል እንጂ ሰው አይታይም። ሳህኑ ተበልቶበት ከተመለሰ፣ አለ ማለት ነው። "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ" ያሉ ቀን ግን… እናንተ ታውቁታላችሁ፣ አልጽፈውም።

ሞያሌንና ናይሮቢን እንዴት እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ስዊድን ስደርስ የስደተኞች ቢሮው ሰውዬ፣ "ለምን ወጣሽ?" አለኝ።

"ስለዘመርኩ።"

"መዝሙሩ ፖለቲካ ነበረው?"

"ያገሬ ሹምም ይህንኑ ነበር የጠየቀኝ፤ እርስዎ ግን ቢያንስ ወንበር ሰጥተውኛል" አልኩት። አስተርጓሚው ሳቀና ሳይተረጉመው ቀረ።

ብርዱን እንደ ቡሌ ብርድ ገምቼው ነበር። የቡሌው እንኳ ረፋዱ ላይ ይለቃል፤ ይሄ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። የምኖረው ሌና ከምትባል ተማሪ ጋር ነው፣ ማድቤቱ የጋራችን። በዕድሜ ብበልጣትም ማርታ ብላ በስሜ ብቻ ትጠራኛለች። አንድ ቅዳሜ ጓደኞቿ ጠረጴዛውን ከበው ሲጫወቱ እኔንም ጠራችኝ።

"ቁማር ነው?" አልኩ፣ ባለ ቁጥሩን ጠጠር፣ ዳይሱን አይቼ።

"ተረት ነው። እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንሆናለን። አንቺ ጀማሪ ስለሆንሽ መጀመሪያ ሰውሽን እንሥራ።" ሮልፐሹን ይሉታል፣ በተረቱ ውስጥ የሚሆኑትን ሰው።

"ሰው የሚሠራው እግዚአብሔር ነው።"

"እሱማ ዛሬ ሰንበቱ ነው፣ ይረፍበት" አለች። ደነገጥኩ፤ ሳቄ ግን አመለጠኝ።

ስም ጠየቀችኝ። የሌለ ሰው ፈጥሬ ማውራት ውሸት ሆነብኝና፣ "ተስፋዬ" አልኳት።

"ጉልበተኛ ነው?"

"ቀጭን ነው። ድምፁ ግን ሸለቆ ይሻገራል።" ለድምፁ ትልቅ ቁጥር ጻፈችለት።

"ሰይፍ ይያዝ ወይስ ቀስት?"

"ቆጮ ይያዝ። ከእንሰት ነው የሚሠራው፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል።"

"ተቀብሮ የወጣ ምግብ!" መጽሐፏን ገላልጣ አጣችው። "ጉልበት ይጨምራል?"

"የጌዴኦን ሕዝብ በሙሉ አቁሞ ይዟል፣ ለአንድ ሰው ያንሰዋል?"

"ጠባዩስ?"

"ሳህኑን ጨርሶ አያውቅም። ለሚመጣ ሰው አንድ ጉርሻ ያስተርፋል።"

ደስ አላት፤ ጻፈችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተረቱን ጀመረች። "ተስፋዬ ምድር ቤት ታስሯል፣ በሩ ብረት ነው። ዳይሱን ጣዪ፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ በሩ ይከፈታል።"

"ትንሽ ከወጣስ?"

"ዘበኛው ይደርስበታል፣ ምናልባት ይሞታል። ግድ የለም፣ ሌላ ሰው እንሠራልሻለን።"

በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉት ወታደሮች ትዝ አሉኝ። "አልጥልም" አልኩ።

"እኔ ልጣልልሽ?"

"አንቺም አትጣዪ። ወንድሜ ነው፣ በእውነትም ታስሯል።"

ሌና ዳይሱን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሲኒ ደፋችበት።

ሰኞ ወደ ሀጂ ሱቅ ደወልኩ።

"አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ደህና ነን" አሉ፤ ሌላ ጆሮ መስመሩ ላይ እንዳለ ስለሚያውቁ ቶሎ ስልኩን ለአልማዝ ሰጧት።

"ሳህኑስ?" አልኩ።

"ተበልቶበት ይመለሳል።"

"ተመስገን!"

"ግን እትዬ… ያቺ ሁልጊዜ የሚያስተርፋት ጉርሻ የለችም። ተልሶ ነው የሚመጣው።"

"ርቦት ይሆናል እንጂ ሌላ ሰውማ አይበላውም።"

"ይሆናል።"

"አታምጪ አላሉሽም?"

"አላሉኝም።"

"እንግዲያ ውሰጂ።"

"እወስዳለሁ" ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ሌና ማታ ጠረጴዛውን ስትወለውል በሲኒዋ ዙሪያ ዞራ ታልፋለች። እኔም ፖታቲስ የሚሉትን ድንቼን ከሲኒዋ አጠገብ እበላለሁ፣ አንዷን ለማን እንደማስተርፍ ሳላውቅ አስተርፋለሁ። ሲኒዋን ለማንሣት ሁለታችንም አልደፈርንም።