ያልተሞከረው ካርድ

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ቀርቶ ሰፈሩ በሙሉ «ሚዛን» ይለዋል። ፍርድ አዋቂ ስለሆነ አይደለም፤ በካሜራ ቦርሳው ውስጥ መዳፍ የምታክል ሚዛን ይዞ ስለሚዞር ነው። የካሜራ ዕቃ ሻጮች ገና ከበር ሲያዩት «መጣ ደግሞ!» ይባባላሉ። እሱ ግን ማንንም ከቁብ ሳይቆጥር ሚዛኑን መስታወቱ ላይ ያስቀምጥና ባትሪዎቹን ተራ በተራ ይመዝናል።

«ከኦርጅናሉ እጥፍ ይቆያል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ክብደቱ ግን ግማሹን አይሆንም። ማሞ ሌላ፣ መታወቂያው ሌላ!» ብሎ ባትሪውን ይመልሳል።

ስስታም እንዳይመስላችሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። ለአሮጌ ካሜራው ኦርጅናል ባትሪ ልግዛ ቢል የክፍሏን ኪራይ ያስረሳዋል። ስለዚህ ከርካሹ መካከል ደህናውን መምረጥ ለእሱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሕግም አለው። ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ሲመክር እንዲህ ይላል፦ «ማንገቻና የሌንስ ክዳን ከርካሹ ግዛ፤ ቢበጠስም ቢሰበርም የምትናደደው አንተው ነህ። ባትሪ መዝነህ ግዛ። ቻርጀር ሰክተህ አንድ ሰዓት ጠብቅና ዳስሰው፤ ካቃጠለህ መልስ። ፎቶ የሚያጠራቅመውን ካርድ ግን እስከ አፉ ሞልተህ ሳትሞክር ሰው ፊት ይዘህ እንዳትወጣ!»

ካርድን የሚፈራው በምክንያት ነው። አንዳንዱ ካርድ ስድሳ አራት ጊጋባይት ተብሎ ይጻፍበትና ሆዱ አራት ብቻ ይሆናል። ካሜራው ይህን አያውቅም። ፎቶውን በስክሪኑ ያሳያል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቀጥል ይላል፤ ከልኩ ያለፈው ግን የትም አይገኝም። ሚዛን አዲስ ካርድ ሲገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ በድሮ ፎቶዎች ይሞላዋል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈተ ያያል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንድም ቀን ዘሎት አያውቅም ነበር።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። እናቷ ከሞተች በኋላ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ዕለት እየሮጠች ፎቶ ቤቱ ገባችና ትንሽ ማሸጊያ መዳፉ ላይ አኖረች።

«አባዬ፣ ዛሬ የማትመዝነው ነገር ገዛሁልህ። ባለ ስድሳ አራት ነው!»

ካርዱን ገልበጥ አድርጎ አየው። ጽሑፉ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነበር። እጁ ወደ ኮምፒውተሩ ሊሄድ አለና ተመለሰ፤ ልጁ ዓይን ዓይኑን እያየች ነበር። እሷው ፊት መሞከር፣ አንቺን አላምንም ማለት መሰለው። ካርዱን እዚያው ካሜራው ውስጥ ከተተና «እንግዲያው መጀመሪያ የምትነሺው አንቺ ነሽ» ብሎ ስትስቅ አነሣት። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ስትወጣ እሞክረዋለሁ ብሎ ነበር፤ አብራው አመሸች። በማግስቱ ቅዳሜ የአንድ መዋዕለ ሕፃናትን ልጆች ሲያነሣ ዋለ። እሑድ ታላቅ ወንድሙ ጠራው።

ይህ ወንድሙ አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ያሳደገው ነው። ብስክሌቱን ሸጦ የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛለትም እሱ ነው። አሁን ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ ብለው አሰናብተውታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ገብቶት ነበር።

«ከሠርጋችን ወዲህ እኔና እሷ አብረን የተነሣነው የለም፤ እስቲ አንሣን» አለው ወንድሙ።

ሚስቱ በጓዳ ፀጉሯን እስክታበጥር መጀመሪያ ብቻውን በመስኮቱ በኩል አስቀምጦ አነሣው። ከዚያ ሁለቱን አብረው፣ ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አርባ ያህል አነሣቸው። ወንድምየው ስክሪኑን አይቶ ሣቀ።

«አሳምረኸኛል። በዚህ መልክ ሌላ ሚስት ሳላገባ አልቀርም።»

«እስቲ ሞክራት!» ብላ ሚስቱ ኮሌታውን ጎተት አደረገችው። በዚያ ቤት ከተሳቀ ሰንብቶ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ወንድሙ ሞተ።

ሚዛን የሕፃናቱን ፎቶ ቀድሞ አውጥቶ ለባለቤቶቹ ሰጥቶ ነበር፤ የወንድሙን ግን ተረጋግቼ አሳጥበዋለሁ ብሎ አቆይቶታል። የለቅሶው ቀን ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። ልጁ እየሳቀች አለች። ሕፃናቱም አሉ። ከዚያ የወንድሙ የመጀመሪያ ፎቶ ተከፈተ፦ መጋረጃው፣ ሽበቱ፣ ግንባሩ፣ ሁለት ዓይኖቹ። ከዓይኖቹ በታች ግራጫ ብቻ ነው። የቀሩት ጨርሶ አልከፈት አሉ። ደጋግሞ ሰካ፣ ነቀለ፣ በሌላ ኮምፒውተር ሞከረ፣ በመጨረሻም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ለወንድሙ ሚስት «በስሕተት አጠፋሁት» አላት።

«የስንቱን ሰው ፎቶ ጠብቀህ ጠብቀህ የወንድምህ ላይ ስትደርስ ጠፋብህ?» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ነሳችው፤ ሰላምታውን እንኳ በግማሽ አፏ ነው የምትቀበለው። ዘመድ አዝማዱም «ሚዛን ሚዛኑን ሳተ» እያለ አማው።

ግማሹን ፎቶ በወረቀት አሳጥቦ ከካርዱ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ቢሰጣት «ይሄ ግራጫ ምንድን ነው?» መባሉ አይቀርም፤ በስሕተት የጠፋ ፎቶ ደግሞ እንዲህ አይሆንም። ነገሩ ሲመዘዝ ልጁ ጋ ይደርሳል። ያሳደገው ወንድሙ መልክ በእሷ ስጦታ እንደጠፋ ካወቀች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማው ትኖራለች። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ግን በወንድሙ ቤት ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ያ መሳቢያ ትዝ ይለዋል፤ ሥራውንም በሙሉ ልቡ መሥራት አቃተው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በአራተኛው ወር ልጁ የአባቷ መክሳት አሳሰባትና የጠፋ ፎቶ የሚመልስ ባለሙያ እንዳለ ሰማች። ላስደስተው ብላ ካርዱን ፍለጋ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ ወስዳ መሳቢያውን ከፈተች። ፎቶውን አየች። ምንም አልገባትም፤ ካርዱን ይዛ ወደ ባለሙያው ሄደች።

«እህቴ፣ እዚህ ላይ የጠፋ ነገር የለም» አላት ሰውየው። «ካርዱ መጀመሪያውኑ አራት ነው። ስድሳ አራት ያሉት ለመሸጥ ነው።»

ፎቶ ቤት ስትደርስ አባቷ የአንድ ደንበኛ ትከሻ እያስተካከለ ነበር። ደንበኛው እስኪወጣ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ካርዱንም ፎቶውንም ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ለምን አልሞከርከውም?»

«አንቺ ሰጠሽኝ እኮ።»

«እኔ ነኛ ያጠፋሁት።»

«አይደለሽም! መሞከር የሚያውቀው ማን ነው? እኔ ነኝ። አውቄ ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለአጎቴ ሚስት እወስድላታለሁ፤ ያመጣሁትን ራሴ ልናገር» አለችና ተነሣች። «ተይ ልጄ» ሊል ፈልጎ ነበር፤ ተወው። ኮቱን አንሥቶ ተከተላት።

የወንድሙ ሚስት በመስኮቱ አጠገብ፣ ባሏ በተነሣበት ወንበር ላይ ነበረች። ልጅቱ ሁሉንም ነገረቻት። ሴትየዋ ፎቶውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ከዚያ ግራጫውን በመዳፏ ሸፈነችና ዓይኖቹን ብቻ አስቀረች። ልጅቱን በሌላ እጇ ስባ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

«ነይ። ልጅ ለአባቷ ስጦታ ገዛች፤ ይሄም ጥፋት ሆኖ ነው?»

ቀና ብላ ሚዛንን አየችው። «ይሄ ፎቶ ከመቼ ጀምሮ ነው አንተ ጋ ያለው?»

«ከለቅሶው ቀን ጀምሮ፣ እትዬ።»

«አራት ወር» አለች። «ዓይኑ ምን ይመስል ነበር እያልኩ ከራሴ ጋር ስታገል፣ ዓይኑ አንተ መሳቢያ ውስጥ ነበር።»

ዓይኗን ወደ ፎቶው መለሰች።

«ለካርዱ ይቅር ብዬሃለሁ። ለአራቱ ወር ግን እንጃ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለና እዚያው በሩ አጠገብ ቆመ። ሴትየዋም መዳፏን ከፎቶው ላይ አላነሣችም።