ሃያ ስምንት ብሎኝ ነበር

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ሳላስቀር ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን በየዓመቱ ጉሮሮዬ ላይ እያደረስኩ መልሼ ውጬዋለሁ። ዛሬ ለማታውቀኝ ለአንተ ለአንባቢዬ ልንገርህ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ ያደረግኩትን አሳምሬ አውቀዋለሁና።

በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቼ ላሊበላ ላይ ኮምፒውተር ቤት የከፈትኩ ጊዜ ነው። ለሆቴሎች ድረ ገጽ እሠራ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ከደንበኞቼ አንዷ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቷ እትዬ ዘውዲቱ ነበሩ። ለገና የሚመጡ ፈረንጆች የሚያነቡት ገጽ እንድሠራላቸው አዘዙኝና፣ የበዓሉን ነገር እንዲያስረዳኝ እንግዶቻቸውን የሚያስጎበኘውን ዲያቆን ጌታሁንን ላኩልኝ። አጠገቤ ተቀምጦ ሁሉንም በቃሉ ነገረኝ። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት ሆና ባለፈች ማግሥት ባለው ዓመት ገና የሚውለው ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ነው። ጌታሁን ሃያ ስምንት አለኝ። እኔ ሃያ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ከልጅነቱ የለመደውን ጻፈ። በኮምፒውተር ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስቀይረውም በዓሉ አንድ ቀን ዘግይቶ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ማንም ይሳሳታል። የእኔ ኃጢአት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ገጹን ላሳምር ብዬ ቴሙን፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚለብሰውን ልብስ፣ በአዲስ ለወጥኩት። እትዬ ዘውዲቱ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ባያነቡትም መልኩን አይተው እልል አሉ። ጎረቤት ሆቴሎችም የእኛንም እንዲህ አርግልን እያሉ መጡ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቀኑ መሳሳቱን ያየሁት ያን ሰሞን ነው። ላርመው ብዬ ጽሑፍ የሚታረምበትን ኤዲተር ብነካው አልከፈት አለኝ። ነጭ ገጽ፣ መሃሉ ላይ የምትሽከረከር ክብ፣ ሌላ ምንም የለም። ኔትወርኩ ነው አልኩ፤ አልነበረም። ድረ ገጽ የሚከፈትበትን ብሮውዘር ቀየርኩ፣ በውስጡ የተጠራቀመውን አጸዳሁ፣ ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን እያጠፋሁ ሞከርኩ። እምቢ። አዲሱ ቴም ከኤዲተሩ ጋር አልተስማማም። የድሮውን ብመልሰው እንደሚከፈት ገብቶኛል። አልመለስኩም። ለምን? ያ ሁሉ ሙገሳ ይቅርብኝ? ለእትዬ አንድ ቃል ብነግራቸው ኖሮ ትክክለኛውን ቀን ለእንግዶቹ ይልኩላቸው ነበር። አልነገርኳቸውም። በኋላ መላ አገኝለታለሁ ብዬ ተውኩት።

እንግዶቹ በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ገና ነገ ነው ብለው ደረሱ። ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኵሉን አሸብሽበው ጨርሰዋል፤ ምእመናኑም ወደ ሙጃ፣ ወደ ኮን፣ ወደየአገሩ መንገድ ጀምሯል። ከእንግዶቹ አንዲት ሴትዮ ባዶውን ግቢ እያየች አለቀሰች። እትዬ ዘውዲቱ በኀፍረት ተቃጥለው ሁለታችንንም አስጠሩን።

«ማነው ይህን ቀን የተናገረ?»

«ጌታሁን ነዋ የነገረኝ» አልኩ።

«ኧረ እኔስ ሃያ ስምንት ያልኩ ይመስለኛል» አለ ጌታሁን ቀስ ብሎ።

ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «ሃያ ዘጠኝ ነው ያልከኝ» አልኩት።

እትዬም፣ «ልደትን የማያውቅ ዲያቆን ለእንግዳዬ ምን ሊያስረዳልኝ ነው? በል ልጄ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉት።

በማግሥቱ የድሮውን ቴም መለስኩ። ኤዲተሩ ወዲያው ተከፈተ፤ ቀኑን አስተካከልኩ። ያዘዝኩት ሻይ እንኳ አልበረደም ነበር። የከተማው ሰው ጌታሁንን «ልደት ያመለጠው» እያለ ሲሳለቅበት ከረመ፤ እሱም መቋቋም ሲያቅተው ጠቅልሎ ወላጆቹ ዘንድ ኮን ገባ።

ከዓመታት በኋላ ኮን ገበያ ውስጥ አገኘሁት። የሚሸጠውን በግ ለጎረቤቱ አስይዞ እየሮጠ መጣና አቀፈኝ።

«ወንድሜ፣ ሳስበው ሳስበው ያኔ አፌ ስቶ ነው መቼም። አንተንም ከእትዬ ፊት አቆምኩህ። ስለ እመቤቴ ይቅር በለኝ» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት! ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ይቅር አልኩት። የተሳሳትኩት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ። እንጀራውን ብቻ የነጠቅኩት መስሎኝ ኖሬአለሁ፤ ለካ ራሱን እንዳያምንም አድርጌው ነበር። ይህን እዚያው አየሁ። አይቼም ተሰናብቼው መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ልጅ ነበርኩ አልልም። ኤዲተሩ አልከፈት ብሎኝ ነው አልልም፤ እንዴት እንደሚከፈት አውቅ ነበር። ነገ ጠዋት ለእትዬ ዘውዲቱ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ኮን። አንተ ግን አንባቢዬ፣ እንዳትቸኩል፤ ይቅር አትበለኝ። መጀመሪያ ጌታሁን ሃያ ስምንት ማለቱን ይወቅ።