ዘንዶውን አንቱ እያለች የሞተችው አዋላጅ

ዛሬ ቢቸና ላይ ዘንዶ አቃጠለኝ።

እኔን ሳይሆን ገጸ ባሕርዬን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ከበን፣ ባለ ቁጥር ዳይስ እየወረወርን፣ እያንዳንዳችን የፈጠርነውን ገጸ ባሕርይ ሆነን በምንጫወተው የጀብዱ ጨዋታ ውስጥ። የእኔዋ የምታነክስ አሮጊት አዋላጅ ነበረች።

ታሪኩን የሚመሩልን ጡረተኛው መምህር ጋሼ ደምሴ ናቸው። ዘንዶውንም የሚጫወቱት እሳቸው ስለሆኑ ዘንዶውን አንቱ ነው የምንለው። (ትልቅ ሰው እሳት ተፋ ተብሎ አንተ አይባል!)

ዛሬ ዘንዶው የጨዋታውን መንደር ሲያቃጥሉ ሁሉም ሸሸ። አዋላጄ ግን ምጥ የያዛትን ሴት ትታ አልሄድም አለች። ዘንዶውን "እባክዎ፣ ልጁ እስኪወለድ ይታገሱን" ብላ ለመነች።

ልጁ ተወለደ። እሷ አልተረፈችም።

አመዷ ሳይበርድ ከሞጣ የሚመጣው ሙሉቀን ተነሳብኝ። "አልነገርኩሽም? በጨዋታው ደንብ የድሮ እትም ገጸ ባሕርይ ስትሠሪ ዳይሱ የሰጠሽን ነጥብ ትቀበያለሽ፤ በአዲሱ ግን ነጥቡን ለጉልበት፣ ለጥበብ እያልሽ የምትደለድዪው ራስሽ ነሽ። ሁሉንም ጉልበት ላይ ብታፈሺው ኖሮ አትሞትም ነበር!"

የእሱ ተዋጊ ከሁለቱም እትሞች ምርጥ ምርጡ ተለቅሞ የተሠራ ነው። ማንም አይችለውም። ግን እስከ ዛሬ ስም አላወጣለትም! "የሙሉቀን ሰውዬ" እያልን ነው የምንጠራው።

ጋሼ ደምሴ "እሺ ልጄ፣ አሁንስ ማንን ትሠሪያለሽ?" አሉኝ።

"ታናሽ እህቷን" አልኩ። "እሷም አዋላጅ ናት። ለጉልበት አንድም ነጥብ አልሰጣትም።"

ሙሉቀን ራሱን ያዘ። ይያዝ!

እናንተስ፣ "አያዋጣም" እየተባላችሁ የሙጥኝ ያላችሁት ገጸ ባሕርይ አለ? ስሙን ጻፉልኝ። ስም የሌለውን ለሙሉቀን ላኩለት።