በግ ጠባቂው ያስመለሱት ብረት

ይህ የደረሰብኝ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ ጂዛን ውስጥ ደርብ አካባቢ በአንድ የማንጎ እርሻ ላይ ትራክተር ስነዳ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ግን ጋሽ እንድሪስን እንዴት አድርጌ እረሳለሁ?

ጋሽ እንድሪስ እንደኔው የወሎ ሰው ናቸው። የአሠሪያችንን፣ በአረብኛው ከፊል የምንለውን፣ በጎች ይጠብቁ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም። እኔ ደግሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ፣ መንጃ ፈቃድ በኪሴ የያዝኩ ጎረምሳ ስለነበርኩ ማንም የሚያክለኝ አይመስለኝም ነበር።

ትራክተሩ ከወንበሩ ኋላ የሚቆም ቅስት ብረት ነበረው። የማንጎ ቅርንጫፍ እየሰበረ ከፊሉን ስላስቆጣው ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር ፈቶ ጣለውና የበረቱ በር መደገፊያ ሆኖ ቀረ። የወንበሩን ቀበቶ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔው ራሴ ቆርጬ ሽርጤን ታጠቅኩበት። ሰፊና ጠንካራ ስለሆነ ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ እንድሪስ የጎማው ፓራፋንጎ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ትኩር ብለው ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ሰዒድ፣ ይኼ ሰውዬ ቅስቱ ሥር ታስሮ ተቀምጧል። ይኼኛው ሲዘል ተጨፍልቋል፤ በቀይም ተሰርዞበታል። እንዴት ነው ነገሩ?»

ያንን ሥዕል በየቀኑ ስወጣና ስወርድ በእግሬ እታከከው ነበር፤ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። «ኧረ ይተዉት ጋሼ! ከተገለበጠ ዘልዬ እወርዳለሁ» ብዬ ሳቅኩ። ሁላችንም የምናምነው ይህንኑ ነበር። ጎበዝ ሹፌር ይዘላል።

እሳቸው አልሳቁም። ከፊሉ ዘንድ ሄደው «ቅርንጫፉን እኔ እመለምላለሁ፤ ብረቱ ይመለስ» አሉት።

«ያ እንድሪስ፣ አንተ የበግ ሰው፣ ትራክተር ውስጥ ምን ዶለህ?» አላቸው።

አልተዉትም። በመጨረሻ ሲሰለቸው «ኸላስ፣ በቃ አድርገው!» አለ። በጎቹን ካስገቡ በኋላ በየቀኑ መጋዝ ይዘው ትራክተሩ የሚያልፍበትን መስመር ሁሉ መለመሉ። ከደርብ መካኒክ አምጥተው ቅስቱን በአዲስ ብሎን አሳሰሩ፤ ቀበቶም አስገጠሙ። እኔ ንዴት ያዘኝ። በጓደኞቼ ፊት «እረኛው መሐንዲስ ሆነ!» ብዬ አላገጥኩባቸው።

ጎርፍ በወረደ ማግስት ጠዋት፣ ሸለቆው ዳር ያለውን የአፈር ግድብ ላስተካክል ተነሳሁ። ጋሽ እንድሪስ ዱላቸውን ይዘው ከትራክተሩ ፊት ተገተሩ።

«ቀበቶህን ሳታስር ንቅንቅ አልልም።»

«ያላ፣ ይበሉ መንገዱን ይልቀቁልኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ! እያጉረመረምኩ አሰርኩ።

ግድቡ ላይ ትንሽ እንደሄድኩ ጎርፍ የቦረቦረው ጠርዝ ከጎማው ሥር ተናደ። እጄ ወዲያው ወደ ቀበቶው ሮጠ፤ ልዘል። በድንጋጤ መፍታት አቃተኝ። ሰማይና ምድሩ ተገለባበጠብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ተዘቅዝቄ ተንጠልጥያለሁ። ቅስቱ አሸዋው ውስጥ ተተክሎ ያን ሁሉ ክብደት ከላዬ ይዞታል። ልዘልበት ያሰብኩት ቦታ ላይ ትልቁ ጎማ ተጋድሟል።

ጋሽ እንድሪስ እየሮጡ ደረሱ። መጀመሪያ ሞተሩን አጠፉ። «እንዳትፈታው! በአንገትህ ትወድቃለህ» አሉና በትከሻቸው ደግፈውኝ ራሳቸው ፈቱልኝ። ትከሻዬ ከመላላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም።

እግራቸው ላይ ወድቄ «አፉ ይበሉኝ ጋሼ» ስላቸው «ተነስ ወንድሜ፣ ውሃ ጠጣ» ብቻ አሉኝ። «ነግሬህ አልነበር?» እንኳ አላሉኝም። እኔ ብሆን ዓመት ሙሉ እዘባበትበት ነበር!

እንደሳቸው ያለ አስተዋይና ትዕግሥተኛ ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። አሁን አገሬ ገብቼ የአራት ልጆች አባት ሆኛለሁ። አራቱም የተወለዱት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ለምሳ ከበውኝ ሲቀመጡ አንድ በአንድ አያቸውና ጋሽ እንድሪስን በሆዴ እመርቃቸዋለሁ።