ውሸት የተባለው ማስጠንቀቂያ

በመሥሪያ ቤቱ «መርማሪዋ» ይሏታል። የሚሠሩት ከርነል ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የተሸከመው ፕሮግራም። ኮዱን ሳያስኬድ እንዲሁ አንብቦ «እዚህ ጋ ስህተት አለ» የሚል መፈተሻ መሣሪያ አላቸው። ብዙውን ጊዜ ስህተት የለም። እሷ መስመር በመስመር እየተከተለች እውነቱን ከውሸቱ ትለያለች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ታላቅ ወንድሟ ሥራዋን ለሰው ሲያስረዳ፣ «ከውሸታም ጋር እየተጨቃጨቀች ደሞዝ ትበላለች» ይላል።

እናቷ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሲሆኑ ለማስታመም ፈቃድ ወጣች። በሌለችበት አለቃዋ፣ አዲሱ የከርነሉ እትም ለደንበኞች ከመውጣቱ በፊት የመሣሪያው ሪፖርት ላይ አንድም ቀይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዳይታይ አዘዘ። ቦታዋን የሸፈነው «ጥድፊያ» የሚሉት እጀ ፈጣን ባልደረባዋ ነበር። መሣሪያው «ሥራው ሳይሳካ ሲቀር የተያዘው ሜሞሪ አይለቀቅም» ያለበትን ቦታ አየና፣ ሜሞሪውን የሚለቅ አንድ መስመር ጨመረ። ቀዩ ጠፋ። ሁሉም እፎይ አለ።

ስትመለስ የሙከራ ክፍሉ ታምሷል። የኔትወርክ ገመድ በተነቀለ ቁጥር ማሽኖቹ ቀጥ ይላሉ።

«እስቲ የጨመርካትን አሳየኝ» አለችው ለጥድፊያ፣ ወንበር ስባ።

አሳያት። ትንሽ አነበበችና ጣቷን ከእሱ መስመር በላይ በተጠራች አንዲት ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ ለብቻዋ በምትሠራ የኮድ ክፍል ላይ አሳረፈች። «ይቺ የተጠራችው ፈንክሽን ካልተሳካላት ራሷ ለቃው ነው የምትወጣው። መሣሪያው እዚያ ድረስ አልተከተላትም። አንተ ደግሞ የተለቀቀውን መልሰህ ለቀቅከው። ገመዱ ሲነቀል ሥራው ይከሽፋል፤ ያኔ ሁለቴ ይለቀቅና ማሽኑ ቀጥ ይላል።»

«ኮዱ ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ደህና ነበር። ጤነኛ ነው ያከምከው።»

አለቃው ሲሰማ ተናደደ። «እንግዲያው መሣሪያው ይዘጋ። ውሸታም ሰምተን ልናልቅ ነው እንዴ?»

«አይዘጋም» አለች ሳትጮህ። «ውሸት ያልነውን ሁሉ፣ ለምን ውሸት እንደሆነ እዚያው ኮዱ አጠገብ እንጻፍ። ምክንያቱ ካልመጣልን ገና አላጣራነውም ማለት ነው።»

አለቃው እያጉረመረመ ፈቀደ።

ከጥድፊያ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ድሮ ውሸት የተባሉትን ማስጠንቀቂያዎች መከለስ ያዙ። አብዛኞቹ ባንድ ዓረፍተ ነገር አለቁ። አንዷ ጋ ሲደርሱ ግን እጇ ቆመ። ራሷ «ውሸት» ብላ ያለፈቻት ነበረች፤ ምክንያቷንም አልረሳችውም፦ ባዶ አድራሻ፣ ማለትም የትም የማያመለክትና ከተነካ ማሽኑን የሚያቆም፣ እዚህ አይደርስም፤ ጠሪው ፈንክሽን አስቀድሞ ያጣራል። ለመጻፍ ያህል ጠሪውን ከፈተችው። ማጣሪያው የለም። በመሀል ሌላ ሰው ኮዱን ሲያሳጥር አውጥቶታል።

ጥድፊያ ስክሪኑን አየ፤ እሷን አየ። «ያኔ እኮ ልክ ነበርሽ» አላት።

«ያኔማ ልክ ነበርኩ። አሁን ልኩ መሣሪያው ነው።»

ወደ አለቃው ቢሮ ራሷ ሄዳ ነገረችው። እትሙ ዘገየ። አለቃው ደንበኞቹን በስልክ ይቅርታ ሲጠይቅ ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። እሷ ማጣሪያውን መለሰች፣ ጥድፊያ አመሳከረላት። ከዚያ በኋላ እሱም መስመር ከመጨመሩ በፊት የተጠራውን ፈንክሽን ከፍቶ ማየት ለመደ። ሥራው ቀስ አለ፤ እሷ ግን ቅር አላላትም።